ሁሉም ቤት አለው ተብሎ የሚዘጋ ዶርም

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ የሚያደርጉት ነገር ከግቢ ግቢ እምብዛም አይለያይም። የመጨረሻው ፈተና እንዳለቀ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ተማሪው ፍራሹንና ቁልፉን ለፕሮክተሩ ያስረክባል፤ ክሊራንሱን ያስፈርማል፤ ካፌው የመጨረሻውን ማዕድ አቅርቦ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ የተገኘ ተማሪ ያለቦታው እንደተገኘ ሰው ይታያል። ለአብዛኛው ተማሪ ይህ የሚናፍቀው ቀን ነው፤ ከወራት የካፌ ሽሮ ተገላግሎ የእናቱን እጅ ይበላል። ከማስታወቂያው ጀርባ ግን ማንም ያልጻፈውና ማንም ያልመረመረው አንድ ግምት አለ። እያንዳንዱ ተማሪ የሚመለስበት ቤት፣ ወደዚያ የሚያደርስ ሰላማዊ መንገድ፣ የመሳፈሪያም ገንዘብ አለው የሚል ግምት ነው። ዛሬ ይህ ግምት ለብዙዎች አይሠራም፤ በእሱ ላይ የቆመውም አሠራር መለወጥ አለበት። ዩኒቨርሲቲዎች ክረምቱን የሚሄዱበት ለሌላቸው ተማሪዎች ቢያንስ አንድ ብሎክና አንድ ማዕድ ቤት ክፍት ሊያደርጉ ይገባል። ይህን ሊያደርጉ የሚችሉት ደግሞ አዲስ ሕንፃ ሳይሠሩ፣ ብዙዎች ከሚገምቱትም ባነሰ ወጪ ነው።

ግምቱ ድሮም ቢሆን ሙሉ አልነበረም። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ፣ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል ከቤት ጠፍታ የተማረች፣ ሃይማኖት በመቀየሩ ቤተሰቡ በሩን የዘጋበት ተማሪ በየግቢው ሁልጊዜም ነበር። ቁጥራቸው ጥቂት ስለነበር ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ ጀመዓ ወይም አንድ ደግ መምህር ይሸፍናቸው ነበር። ባለፉት ዓመታት የተለወጠው መጠኑ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎችን በመላ አገሪቱ ሲመድብ የጎንደሩን ልጅ ጅማ፣ የወላይታውን አክሱም፣ የባሌውን ደብረ ብርሃን የሚልክ ሥርዓት ዘርግቶ ቆይቷል። ወጣቱ አገሩን ይወቅ የሚለው ሐሳብ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ሥርዓቱ የሚቆመው መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በሌሎች ክልሎች ይማሩ የነበሩ የትግራይ ልጆች መንገዱ፣ ስልኩና ባንኩ በአንድ ጊዜ ተዘጋባቸው። ከጥቂት ጊዜያዊ ክፍተቶች በስተቀር እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። በተገላቢጦሹ ከሌላ ክልል ሄደው መቐለ፣ ዓዲግራትና አክሱም ይማሩ የነበሩ ልጆች በ2013 ሰኔ መጨረሻ ወጥመድ ውስጥ ገብተው ቆይተው፣ በሐምሌ በአፋር በኩል በተባበሩት መንግሥታት እገዛ ነው የወጡት። ጦርነቱ ቆመ ሲባል በ2015 ክረምት የአማራ ክልል በግጭት ተናወጠ፤ የወለጋው ግጭት ደግሞ ከዚያም በፊት የጀመረ ነው። የውስጥ መፈናቀልን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ማዕከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ብቻ በኢትዮጵያ በግጭትና በሁከት ሳቢያ 5.1 ሚሊዮን መፈናቀል መዝግቧል። እስከዚያ ድረስ በአንድ አገር በአንድ ዓመት ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ከተፈናቀሉት ቤተሰቦች መካከል ልጅ ዩኒቨርሲቲ የላኩ እንደነበሩ ለመረዳት ጥናት አያስፈልግም። የልጁ አድራሻ ተብሎ በመዝገብ የተጻፈው ቀበሌ ዛሬ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ ያለው በመጠለያ ድንኳን ወይም በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው።

ቤቱ እንደቆመ ቢሆንም እንኳ መንገዱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰኔ 26 ቀን 2016 የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዓመቱን ጨርሰው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ ገብረ ጉራቻ አካባቢ በታጣቂዎች ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ከመቶ በላይ እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል፤ የቤዛ ገንዘብ የተጠየቀባቸውም ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሸሽተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የታገቱት ተማሪዎች ጉዳይ አገር ያነጋገረ ነበር። በሁለቱም አደጋው የደረሰው ከግቢው አጥር ውጭ፣ በጉዞ ላይ ነው። የደባርቁ በተለይ በቀጥታ የሚነካው የምንነጋገርበትን አሠራር ነው፤ ተማሪዎቹ በዚያ ሳምንት በዚያ መንገድ ላይ የተገኙት ትምህርት ስላበቃና ዶርም ስለሚዘጋ ነው። አጋቹን ትቼ ዩኒቨርሲቲውን ልከስ አይደለም። ነገር ግን አንድ ተቋም ‘ውጡ’ የሚል ቀነ ገደብ ሲያስቀምጥ፣ የሚወጡበት መንገድ ምን ይመስላል ብሎ የመጠየቅ ኃላፊነት አብሮት ይመጣል። የዛሬው አሠራር ለተማሪው ምርጫ አይሰጠውም። መንገዱን የሚፈራ ወላጅ ‘እዚያው ቆይ ልጄ’ ቢልም ልጁ የሚቆይበት ቦታ የለውም።

እንግዲህ የማይሄደው ተማሪ ምን ያደርጋል? አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው ዙሪያ ካሉ ሰፈሮች በአንዱ ለአራት ለአምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ወይም ቀድሞ ከተከራየ የነን-ካፌ ተማሪ ጋር ይዳበላሉ። ይህ መፍትሔ ራሱ እየጠበበ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ተከራይን ከድንገተኛ መፈናቀል ለመጠበቅ የወጣ ጥሩ ድንጋጌ ነው፤ ለክረምቱ ብቻ ማደሪያ ለሚፈልግ ተማሪ ግን ሕጋዊውን በር ዘግቶበታል። አከራዩ እሱን በውል ሊያስገባው አይችልም፤ ካስገባውም ያለ ውል፣ በቃል፣ ነገ ‘ውጣ’ ሲባል አቤት በማይልበት ሁኔታ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ሌላው ጣጣ ነው። በጥቅምት 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአዲስ አበባ አከራዮች የተከራዮቻቸውን ማንነት ለፖሊስ እንዲያሳውቁ ታዘው እንደነበር እናስታውሳለን፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የሩቅ አገር መታወቂያ የያዘ ወጣት ማሳደር የሚደፍር ባለቤት ጥቂት ነው። ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ወንዱ የቀን ሥራ ይፈልጋል፤ ይሁንና ክረምት ማለት ዝናብ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ግንባታው ይቀዘቅዛል። ሥራ የሚጠፋውና ማደሪያ የሚያስፈልገው በአንድ ወቅት ነው።

ሴት ተማሪ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከፋል። ለእሷ የሚቀርቡላት አማራጮች ማደሪያን ከሌላ ነገር ጋር ያያይዛሉ፤ ቤት ሠራተኛ ሆና መግባት፣ ማደሪያ በሚሰጥ ምግብ ቤት ማስተናገድ፣ ወይም በወንድ ጓደኛ ቤት መጠጋት። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ መኝታዋ የአንድ ሰው ፈቃድ ነው። አሠሪው ደመወዝ ቢያስቀር፣ ወይም እጁን ቢሰድ፣ እምቢ ማለት በዚያው ሌሊት ጎዳና ላይ መውጣት ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አቋቁመዋል፤ ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች የጽሕፈት መሣሪያና የንጽሕና መጠበቂያ የሚሰጡም አሉ። መልካም ነው። ሆኖም ቢሮው ትምህርት ባለበት ወቅት የሚከላከልላትን አደጋ፣ ተቋሙ ራሱ ሰኔ ላይ ወስዶ አደጋው መካከል ካስቀመጣት የቢሮው ድካም ግማሹ ይባክናል። አንዲት ልጅ ክረምቱን በዚህ ዓይነት አልፋ መስከረም ላይ ብትመለስ፣ ተመልሳ የምትመዘገበው ልጅ ሰኔ ላይ የወጣችው አይደለችም። ሳትመለስ ስትቀር ደግሞ በሬጅስትራር መዝገብ ‘አልተመዘገበችም’ ትባላለች እንጂ ለምን እንደቀረች የሚጽፍ አምድ የለም።

‘የድሮ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ለምኖ፣ ውሻ እየነከሰው ተምሮ የለም ወይ?’ የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር በቀላሉ ማለፍ አልወድም፤ ምክንያቱም በትክክል ከታየ የሚደግፈው የእኔን ወገን ነው። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ርቆ ሄዶ በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ይቀልሳል። ጎጆዋ ጠባብ ናት፣ ታፈሳለች፣ በቁንጫ የተሞላች ናት። ግን ክረምት ሲገባ ‘ጎጆህን አስረክብና ወደ አገርህ ሂድ’ ያለው የኔታ የለም። ቅኔ ቤቱም ዜማ ቤቱም ዓመቱን በሙሉ ቤቱ ነበር። ‘በእንተ ስማ ለማርያም’ ብሎ በየደጁ ሲቆም የአካባቢው ሰው ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ያውቃል፤ ቁራሽ መስጠትንም እንደ ግዴታ ይቆጥረዋል። በወሎ በሼሁ ዙሪያ ተሰብስቦ ይቀራ የነበረው ደረሳም እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ አገር መጥቶ ኪታብ የሚማረውን የመንደሩ ሰው ይቀልበው ነበር። ያ ሥርዓት ድሃ ነበር፤ የኖረበት ሰው እንዲመለስ የሚመኝ አይመስለኝም። ቢሆንም ተማሪው እስኪጨርስ ድረስ የሚያድርበት ቦታና የሚያውቀው ማኅበረሰብ ነበረው። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ የተሻለ አልጋ ሰጥቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ይነጥቃል፤ በግቢው ዙሪያ ያለው ከተማ ደግሞ ተማሪውን የሚያውቀው በአብዛኛው እንደ ደንበኛ ወይም እንደ ተከራይ ነው። ስለዚህ የድሮው ተማሪ ጽናት የሚጠቀስ ከሆነ፣ ያጸናው ሥርዓትም አብሮ ይጠቀስ።

ከባዱ ተቃውሞ ከዚህ ይልቅ ተግባራዊው ነው፤ ዶርሙ ይፈለጋል የሚለው። እውነት ነው። ከ2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ፣ በጥቅምት 2015፣ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተፈታኝ በሁለት ዙር ተከፍሎ በየግቢው ገብቷል፤ ተኝቷል፤ በልቷል። ከዚያ ወዲህ ፈተናው ወደ ክረምቱ መግቢያ ተመልሷል፤ በበይነ መረብ የሚፈተነውም ቁጥር ቀስ በቀስ እየጨመረ ነው። መደበኛው ተማሪ ተጣድፎ እንዲወጣ የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይህ እንግዳ ስለሚመጣ ነው። ከተፈታኙ ሌላ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በክረምት መርሐ ግብር ደረጃቸውን ለማሻሻል የሚማሩ መምህራን ይገባሉ። የቀረውን ጊዜ ደግሞ ጥገናው፣ ቀለም ቅቡና የትኋን ርጭቱ ይወስደዋል (የመጨረሻውን ማንም የዶርም ነዋሪ አይቃወምም)። ይህ ሁሉ የሚያሳየን ግን ዩኒቨርሲቲዎች በክረምት እንደማይዘጉ ነው። ማዕድ ቤቱ ይነድዳል፣ ጥበቃው በር ላይ ነው፣ ውሃና መብራቱ ይሠራል። በግቢው የሌለው መደበኛው ተማሪ ብቻ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ከየወረዳው የመጣ ታዳጊ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተቀብሎ፣ አልጋ ሰጥቶ፣ መግቦና ጠብቆ መሸኘት የቻለ ሥርዓት፣ ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ የራሱን ተማሪዎች በአንድ ብሎክ ማቆየት ያቅተዋል ቢባል አላምንም። በ2012 ኮቪድ ሲመጣም ተማሪው ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተደርጎ የበርካታ ግቢ ዶርሞች ለይቶ ማቆያ ሆነው ነበር። ሕንፃውን አገልግሎት መቀየር ለዩኒቨርሲቲዎቻችን እንግዳ ሥራ አይደለም።

የፈተናው ምስጢራዊነትና ጥበቃስ? ይህ ስጋት ቀላል አይደለም፤ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው ኩረጃንና ስርቆትን ለመግታት ነውና፣ ተፈታኝና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ግቢ ሲቀላቀሉ መልስ አቀባይ ይኖራል ተብሎ ቢታሰብ አይፈረድም። ነገር ግን ፈተናው ለአንድ ተፈታኝ የቀናት ጉዳይ ነው፤ ዙሮቹ ሁሉ ተደምረውም ከሳምንታት አያልፍም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከአንድ በላይ ካምፓስ አላቸው፤ ተማሪዎቹን ለእነዚያ ቀናት ፈተና ወደማይሰጥበት ካምፓስ ማዛወር ይቻላል። የአልጋ እጥረት የሚለው መከራከሪያም ከቀድሞው ደክሟል። ከፈተናው ለውጥ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚያስገባ ነጥብ የሚያመጣው ተማሪ በጣም ጥቂት ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው ከግማሽ በላይ ያመጡት። የማካካሻ ትምህርት የሚባለው ሬሚዲያል ክፍተቱን በከፊል ቢሞላም፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በየክፍሉ ተደራርቦ ያድርበት የነበረው ዘመን ዛሬ በብዙ ግቢ የለም። የአላፊው ማነስ ለትምህርታችን የሚያሳዝን ነው፤ ስለ አልጋ ስንነጋገር ግን አልጋ አለ ማለት ነው።

ወጪውን በቁጥር እንየው። በ2017 የትምህርት ዓመት መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበውን ከ22 ብር ወደ 100 ብር አሳድጓል። ክረምቱን 70 ቀን ብለን ብናስብ ለአንድ ተማሪ 7,000 ብር፣ ለሦስት መቶ ተማሪ 2.1 ሚሊዮን ብር ይመጣል። ፕሮክተሩ፣ ውሃውና መብራቱ ሲደመር ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ለአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስደነግጥ አኃዝ አይደለም። ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ከ1996 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ማለትም ዶርምና ካፌ በወረቀቱ ላይ ስጦታ አይደሉም፤ ብድር ናቸው። ተማሪው ከመስከረም እስከ ሰኔ ላለው ጊዜ የሚፈርመውን ውል ለሐምሌና ለነሐሴም እንዲፈርም ቢፈቀድለት መንግሥት የሚያደርገው ወጪውን አስቀድሞ መክፈል ብቻ ነው። የወጪ መጋራቱ አሰባሰብ ደካማ ነው፣ ብዙ ተመራቂም ሥራ ሳያገኝ ይቆያል የሚል ካለ ልክ ነው፤ ግን ይህ ድክመት ለአሥሩ ወር ብድር እንቅፋት ሆኖ ካልታየ ለሁለቱ ወር ብቻ ተለይቶ የሚነሳበት ምክንያት አይታየኝም። እዳ መጨመር የማይፈልግ ተማሪም ይኖራል። ግቢው በክረምት የሚያሠራው ሥራ ሞልቷል፤ የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት መቁጠር፣ የተፈታኞች መስተንግዶ፣ ችግኝ፣ የቢሮ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት። ሠርቶ መብላት የሚፈልግ በዚህ ይከፈለው።

‘በሩ ከተከፈተ ሁሉም ቤት የለኝም ይላል’ የሚለው ፍርሃት ደግሞ ተማሪን ካለማወቅ የሚመጣ ይመስለኛል። ቤት ያለው ወጣት ለዓመት የናፈቀውን ቤተሰብ ትቶ ለካፌ ምግብ ሲል በዝናብ ግቢ ውስጥ አይቀመጥም። ጥቂት አጭበርባሪ ቢኖርስ? የሚያተርፈው እዳ የሚጻፍበት አልጋ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ማስረጃው ከብዶ የተቸገረው እንዳይገባ። ‘ከቀበሌህ ደብዳቤ አምጣ’ የሚለው የተለመደ መፍትሔ እዚህ ላይ አይሠራም። የተፈናቀለ ሰው ቀበሌ ሥራ ላይ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ደብዳቤውን ለማምጣት መሄድ የማይችልበትን መንገድ መሄድ ይኖርበታል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሸሽታ የወጣችን ልጅ ከቤተሰቧ ሰፈር ማስረጃ መጠየቅ ደግሞ ያለችበትን ለሸሸቻቸው ሰዎች ከመንገር አይለይም። ከሁሉ የከፋው በክልል ወይም በብሔር ዝርዝር ማውጣት ነው። ‘ከዚህ ክልል የመጡ ይቆዩ፣ ከዚያኛው ይሂዱ’ ከተባለ ብሎኩ በአንድ ጊዜ የፖለቲካ ስም ይወጣለታል፤ ባለፉት ዓመታት በየግቢው የደረሰውን ግጭት ላስታወሰ ሰው ይህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። የተማሪው የራሱ መግለጫና የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ወይም የሚያውቀው መምህር ፊርማ ይበቃል። ተማሪው ምክንያቱን በዝርዝር እንዲጽፍ መገደድ የለበትም፤ ‘ክረምቱን የምሄድበት የለኝም’ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ከነፊርማው በቂ ነው።

‘አዋቂ ናቸው፤ ቤተሰብና ዘመድ ያስጠጋቸው፤ መንግሥት ሁሉን አይችልም’ የሚል ድምፅም አለ። ዘመድ ማስጠጋት የሚከበር ባህላችን ነው፤ ብዙ ተማሪም ዛሬ የሚያልፈው በእሱ ነው። ነገር ግን ዘመድ ያለው ተማሪ ቀድሞውኑ ሄዷል፤ የምንነጋገረው ስለ ቀረው ነው። ዘመዱም ቢሆን በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ የራሱን ልጆች የሚያበላበት ሒሳብ የተናጋበት ነው፤ አንድ ተጨማሪ አፍ ለሁለት ወር መቀበል ከቀድሞው እጅግ ይከብደዋል። አዋቂነታቸውን በተመለከተ፣ ከእኛ የበለጸጉ አገሮችም ዕድሜ ብቻውን ቤት እንደማይሆን አውቀዋል። በእንግሊዝ በመንግሥት አሳዳጊነት ያደገ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሲገባና በዕረፍት ወቅት የተማሪ መኖሪያው ሲዘጋበት፣ የአካባቢው አስተዳደር ማደሪያ እንዲያቀርብለት ወይም ወጪውን እንዲሸፍንለት ሕጉ ያስገድዳል። ድንጋጌው የተመሠረተበት አስተሳሰብ ቀላል ነው፤ ለሌላው ተማሪ ወላጅ የሚያደርገውን፣ ወላጅ ለሌለው አንድ ተቋም ማድረግ አለበት። እኛ ያን ያህል ሰፊ ግዴታ ባንጥል፣ ተማሪውን መርጦ ከቤቱ አርቆ የመደበው አካል መንግሥት መሆኑን ግን መዘንጋት የለብንም። ልጁ አሶሳ ወይም ሰመራ የተገኘው በራሱ ምርጫ ብቻ አይደለም። መንገዱ ሲዘጋበት ‘የራስህ ጉዳይ ነው’ ለማለት መብቱ ያለን አይመስለኝም።

ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የዶርም አከፋፈትና አዘጋግ የየዩኒቨርሲቲው የውስጥ አስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ሴኔቱና የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ሊወስኑት ይችላሉ። የወጪ መጋራት ውሉን ወደ ክረምት ለማራዘም ግን የትምህርት ሚኒስቴር አንድ መመሪያ ያስፈልጋል። በ2015 ራስ ገዝ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ካምፓሶች ስላሉት ፈተና ከማይሰጥበት በአንዱ ቢጀምር ሌሎቹ የሚያዩት ነገር ይኖራቸዋል። ከሁሉ ቀድሞ ግን ቁጥሩ ይታወቅ። በየዩኒቨርሲቲው ስንት ተማሪ ክረምቱን የሚሄድበት እንደሌለው ማወቅ የሚቻለው ሲጠየቅ ነው፤ የሚጠየቅበት ቀንም ወሳኝ ነው። ሰኔ ላይ፣ ቁልፍ በሚመለስበት ሳምንት ከተጠየቀ ተማሪው ቀድሞ አንድ ቦታ ተጠግቷል ወይም መንገድ ጀምሯል። ጥያቄው ከወራት አስቀድሞ ቢቀርብ ማዕድ ቤቱ እህሉን ይገዛል፣ ለጥገና የሚያዘው ብሎክ ይለያል፣ ወላጅም ልጁ የት እንደሚያድር ያውቃል። ይህን ለማድረግ የሚፈለገው በሁለተኛው ሴሚስተር የምዝገባ ቅጽ ላይ አንዲት መስመር መጨመር ነው፤ ቅጹ ደግሞ በየዓመቱ ይታተማል።